ሉክና ሎራ፤ በአሜሪካ የቀን ቴሌቪዥን ስለ ታወቁ ሁለት ፍቅረኞች

መግቢያ

በማናቸውም አገር ሕዝቡ አብልጦ የሚወዳቸው የፍቅር ታሪኮች አሉ። እነዚህን ታሪኮች በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ ያ ሕዝብ ከፍቅር ምን እንደሚጠብቅ፣ ምንን እንደሚያደንቅ፣ ምንንስ ይቅር እንደሚል ሊረዳ ይችላል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው «ጄኔራል ሆስፒታል» በሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ትያትር ውስጥ የተነሡትን የሉክ ስፔንሰርንና የሎራ ዌበርን ታሪክ ነው። ሁለቱም ደራሲዎች የፈጠሯቸው እንጂ በሥጋ የነበሩ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም ሠርጋቸው በ1981 በታየ ጊዜ 30 ሚሊዮን የሚያህል ሰው ተመልክቶታል። በአሜሪካ የቀን ተከታታይ ትያትር ታሪክ ይህን ያህል ተመልካች ያገኘ ሌላ ክፍል የለም።

አንዳንድ አንባቢ ይህ አርእስት ለምርምር መጽሔት የሚበቃ ቁም ነገር የለውም ይል ይሆናል። እኛ ግን አርእስቱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይኸውም ያ ሁሉ ሕዝብ የተደሰተበት ፍቅር የተጀመረው ወንዱ ሴቲቱን በግድ በመድፈሩ ስለ ሆነ ነው። እኛ ራሳችን በመጀመሪያ ያየነው የሠርጉን ክፍል ነበር፤ ስናየውም ደስ ብሎን ነበር። የ1979ን ክፍል ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ በፊተኛው ደስታችንም አፈርን። ከዚህም የተነሣ፣ እንዲህ ያለው ድርጊት ፍቅር ተብሎ ሊጠራ የቻለው እንዴት ነው? የራሱስ ስም የተመለሰለት መቼ ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ሞክረናል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ከተጻፈባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ስለ «ሶፕ ኦፔራ» ምንነት

አሜሪካውያን በየቀኑ የሚቀጥለውን እንዲህ ያለ ትያትር «ሶፕ ኦፔራ» ይሉታል። «ሶፕ» ማለት ሳሙና ነው። ስሙ የወጣው በ1930ዎቹ በራዲዮ ዘመን ነው። በቀን ራዲዮ የሚሰሙት ይበልጡን በቤታቸው የሚውሉ የቤት እመቤቶች ነበሩ፤ ሳሙና የሚገዙትም እነርሱው ናቸው። ስለዚህ እንደ ፕሮክተርና ጋምብል ያሉ የሳሙና ፋብሪካዎች የትያትሩን ወጪ እየከፈሉ በመካከሉ ዕቃቸውን ያስተዋውቁ ነበር። «ኦፔራ» የሚለው ቃል ደግሞ ትልቁን የሙዚቃ ትያትር በማስታወስ ለፌዝ የተጨመረ ነው። በኋላ ቴሌቪዥን ሲስፋፋ ትያትሮቹ ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ለምሳሌ «ጋይዲንግ ላይት» የሚባለው በ1937 በራዲዮ ተጀምሮ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ገብቶ፣ እስከ 2009 ቆይቷል።

ይህ ዐይነት ትያትር ከሌላው የሚለይባቸው ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ለተነሣንበት ጉዳይ ያስፈልጉናል።

አንደኛው፣ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከዓመት እስከ ዓመት ይታያል። በመድረክ ትያትር ፍቅረኞቹ ሲጋቡ መጋረጃው ይወርዳል፤ በዚህኛው ግን ሠርጉ ባለቀ ማግሥት ደግሞ ሌላ ክፍል መቅረብ አለበት። በሰላም የሚኖሩ ባልና ሚስት ደግሞ ለደራሲ የሚሆን ወሬ የላቸውም። ስለዚህ ደራሲዎቹ መለየትን፣ ጠለፋን፣ ደዌን፣ ሞት መስሎ ሞት ያልሆነውን ሁሉ እያመጡ ፍቅሩን ያሰናክሉታል።

ሁለተኛው፣ ተመልካቹ በታሪኩ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። ትያትሩ የሚጻፈው እየታየ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤ ሲበዛ ወይም የተመልካች ቍጥር ከፍና ዝቅ ሲል ደራሲዎቹ ታሪኩን ይለውጡታል። ሕዝብ የጠላው ሰው ይሞታል፤ ሕዝብ የወደደው ሰው ግን ክፉ ሥራ ቢሠራም አይሞትም። የተወደደውን ክፉ ሰው ለማቈየት ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ደግ ሰው ማድረግ ነው።

ለ. ስለ «ጄኔራል ሆስፒታል»

«ጄኔራል ሆስፒታል» ኤቢሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ በኤፕሪል 1 ቀን 1963 ተጀመረ። የጻፉት ፍራንክና ዶሪስ ኸርስሊ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው ፖርት ቻርልስ በተባለች፣ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ትገኛለች በምትባል የልብ ወለድ ከተማ ነው። በመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይታይ ነበር፤ በኋላ ወደ አርባ አምስት ደቂቃ፣ በ1978 መጀመሪያ ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ከፍ አለ።

ሆኖም በዚያን ጊዜ ተመልካቹ እያነሰ ሄዶ ትያትሩ ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። ኩባንያው ግሎሪያ ሞንቲ የተባለችውን ሴት ዋና አዘጋጅ አድርጎ ሾማት። እርስዋም ዝግ ያለውን አካሄድ አፈጠነችው፤ ትዕይንቶቹን አሳጠረች፤ የወጣቶችንም ታሪክ ወደ ፊት አመጣች። ሎራ ሆና የምትሠራው ጂኒ ፍራንሲስ በ1977 ስትገባ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1978 መጨረሻ ደግሞ አንተኒ ጊሪ ሉክ ሆኖ ገባ። ጊሪ የተወለደው በ1947፣ ፍራንሲስ በ1962 ስለ ሆነ በመካከላቸው የ15 ዓመት ልዩነት አለ።

ሉክ የመጣው ለአጭር ጊዜ፣ ለተንኰል ሥራ ነበር። ቦቢ የምትባለው እኅቱ ስኮቲ ባልድዊን የተባለውን ወጣት ትፈልገዋለች፤ ስኮቲ ግን የሎራ ወዳጅ፣ ቈይቶም ባልዋ ነው። ሉክ ለእኅቱ ሊረዳ ሁለቱን ለመለያየት ተነሣ፤ በዚህ መካከል ግን ራሱ ሎራን ወደደ።

ሐ. በ1979 የታየው ድርጊት

ሉክ ለወንበዴዎች አለቃ ለፍራንክ ስሚዝ እየሠራ አንድ የዳንስ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ሎራም እዚያው ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አለቃው አንድ ፖለቲከኛ እንዲገድል አዘዘው። ሉክም በዚህ ምክንያት መሞቱ እንደማይቀር አመነ። በ1979 ኦክቶበር ወር በታየው ክፍል፣ የዳንሱ ቤት ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሉክ እንደሚወዳት ነገራት። አብራው እንድትደንስ ያዛት። እንዲለቃት ለመነችው፤ እምቢ አለችው፤ እርሱ ግን በግድ ደፈራት። በዚህ ጊዜ ሙዚቃው አልቆመም። የተሰማው ኸርብ አልፐርት በጡሩምባ የሚጫወተው «ራይዝ» የተባለው ዜማ ነበር። ይኸው ዜማ በዚያው ወር በአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ ተራ አንደኛ ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። በመጀመሪያ ትያትሩ ራሱ ድርጊቱን መድፈር ብሎ ጠርቶት ነበር። ሎራ እንደ ተደፈረች ተናገረች፤ የምክር እርዳታም ስታገኝ ታየች። የደበቀችው የሰውየውን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ የጠፋው በኋላ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ያልነበረ ሆኖ አይደለም።

የጠፋበትም ምክንያት ተመልካቹ ሁለቱን አብረው ማየት በመውደዱ ነው። ሁለቱ ተዋንያን አብረው ሲቆሙ የሰውን ዐይን የሚይዝ ነገር ነበራቸው። የተመልካቹ ቍጥር ከፍ አለ፤ ሉክም ሊሞት አልቻለም። ከላይ እንደ ተናገርነው፣ የተወደደው ክፉ ሰው ደግ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ሴት የደፈረ ሰው የሴቶች ሁሉ ተወዳጅ ሊሆን እንዴት ይችላል? ይህ እንዲሆን ድርጊቱ ሌላ ስም አስፈለገው። ስለዚህ የትያትሩ ሰዎች ነገሩን «ማባበል» ይሉት ጀመር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ለዚህ ድርጊት ሁለተኛውን ስም ያወጣለት ግን መልአክ ሳይሆን የተመልካች ቍጥር ነው።

በአማርኛችን «ደፈራት» እና «አባበላት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ያውቀዋል። የተባበለች ሴት በመጨረሻ እሺ ብላለች፤ የተደፈረች ግን እሺ አላለችም። ስለዚህ ስሙን የለወጠ ሰው የሰውየውን ሥራ ማቃለሉ ብቻ አይደለም፤ ሴቲቱ ያላለችውን እሺታ በአፍዋ አኑሮላታል ማለት ነው።

መ. ከሽሽት እስከ ሠርግ

በ1980 ሉክ የፍራንክ ስሚዝን ሴት ልጅ ሊያገባ በመርከብ ላይ ተደግሶ ሳለ ሠርጉ ፈረሰ፤ ሉክና ሎራም አብረው ኰበለሉ። ወንበዴዎቹ እያሳደዷቸው፣ የምሥጢር መዝገብ ይዘው፣ ከቦታ ቦታ ሲሸሹ ክረምቱን አሳለፉ። በዚያ ሽሽት ሎራ ፈቅዳ ወደደችው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለ ነበረ ወጣቶች በብዛት ተመለከቱት።

በ1981 ደግሞ ሚኮስ ካሳዲን የተባለ ባለጸጋ በአንድ ደሴት ላይ ሆኖ የዓለምን አየር በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ሰውን ሁሉ ሊያስገብር ተነሣ። በበጋ ወራት በፖርት ቻርልስ በረዶ ወረደ። ሉክ፣ ሎራና ሮበርት ስኮርፒዮ የተባለ ሰላይ መሣሪያውን አከሸፉት። በዚህ አኳኋን የዳንስ ቤቱ ሉክ ዓለምን ያዳነ ጀግና ሆነ። አንድ ሰው ዓለምን ካዳነ በኋላ ስለ አንዲት ሌሊት የሚጠይቀው ማን ነው?

በዚያን ጊዜ በየኮሌጁ ተማሪዎች ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በመዝናኛ አዳራሽ ተሰብስበው ትያትሩን ያዩ ነበር። «ኒውስዊክ» የተባለው መጽሔት በ1981 ሁለቱን በሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ሠርጉ በኖቬምበር 16 እና 17 ቀን 1981 ታየ። የታወቀችው የፊልም ተዋናይ ኤልሳቤጥ ቴይለር ትያትሩን ትወደው ስለ ነበረ፣ የሚኮስ መበለት ሄለና ካሳዲን ሆና ቀርባ ሙሽሮቹን ስትረግም ታየች። የፊተኛው ባል ስኮቲም በድንገት መጥቶ ሙሽራዪቱ የወረወረችውን የአበባ እቅፍ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የዚህን ትያትር ጠባይ ያስረዳል። ፍራንሲስ በ1982 መጀመሪያ ሥራውን ስትተው ሎራ ጠፋች ተባለ። ተዋናይዋ በ1983 ስትመለስ ሎራም ተገኘች። ሁለቱ እንደ ገና ከሄዱ በኋላ በ1993 ላኪ ከሚባለው ልጃቸው ጋር ተመለሱ። በ2001 ተፋቱ። በ2006 ሎራ ከረዥም የአእምሮ ሕመም ነቅታ፣ በኖቬምበር 16፣ በ25ኛው ዓመት፣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ገና ተጋቡ።

ሠ. ተመልካቹ ስለ ምን ተቀበለው?

ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ታዲያ ስለ ምን ተቀበሉት? አላዋቂዎች ስለ ሆኑ ነው ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እንደሚመስለን ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ የአቀራረቡ ነገር ነው። ሙዚቃው፣ ብርሃኑ፣ የሉክ እንባና የሞት ፍርሃቱ ተመልካቹ በእርሱ ዐይን እንዲያይ ያደርጉታል። ሎራ ደንግጣ ሳለች ተመልካቹ የሚያዝነው ለርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ የጊዜው አስተሳሰብ ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ደፋሪ ሲባል የሚያስበው በጨለማ የሚያደፍጠውን የማይታወቅ ሰው ነበር፤ የሚያውቋትና እወድሻለሁ የሚላት ሰው የሠራው በዚሁ ስም አይቈጠርም ነበር። ሕጉም ከዚህ አስተሳሰብ የራቀ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ክፍለ አገሮች ሕግ ባል ሚስቱን በግድ ቢደርስባት መድፈር አይባልም ነበር። በ1978 መጨረሻ በኦሬገን አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር እየኖረ በዚህ ወንጀል ተከሶ ሲቀርብ አገሩ ሁሉ ተነጋገረበት፤ ተከሳሹም በነፃ ተለቀቀ። ድርጊቱ በሁሉም ክፍለ አገሮች ወንጀል የሆነው በ1993 ነው።

ሦስተኛ፣ ጋብቻ ያለፈውን በደል ይሽራል የሚለው አሳብ ነው። ሠርጉ ከመጣ በኋላ የፊተኛው ነገር እንደ መጠናናት ተቈጠረ። ይህ አሳብ የአሜሪካውያን ብቻ እንዳልሆነ የአገራችን አንባቢ ያውቀዋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ጠለፋውን በሚጸና ጋብቻ ከፈጸመው ከቅጣት እንዲድን ይፈቅድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ክሱን እንደማያስቀር ደነገገ። ስለዚህ በእነዚያ ተመልካቾች ላይ ለመፍረድ የምንቸኩልበት ምክንያት የለም።

ረ. ስሙ የተመለሰበት ጊዜ

በ1998 ትያትሩ ራሱ ወደ ነገሩ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ኤልሳቤጥ ዌበር የተባለች ወጣት ስትደፈር የሉክና የሎራ ልጅ ላኪ ይረዳታል፤ በእርስዋ ላይ የደረሰውን እያየ በደፋሪው እጅግ ይቈጣል። በኋላ ግን አባቱ በእናቱ ላይ የሠራው ይኸው መሆኑን ሰማ። በዚህ ጊዜ ሉክና ሎራ ለ19 ዓመት ያልተነጋገሩበትን ነገር አንሥተው ተነጋገሩ፤ ድርጊቱም በስሙ ተጠራ። እንደ አስተያየታችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሠርጉ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። መጨረሻ የሌለው ትያትር ጥፋቱ ብዙ ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው፤ ይኸውም መጋረጃው ስላልወረደ የተሳሳተውን ተመልሶ ሊያርም መቻሉ ነው። ያለቀ ፊልም ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ከትያትሩ ውጭ ደግሞ ጂኒ ፍራንሲስ ራስዋ በ2020 ስለ ሶፕ ኦፔራ ታሪክ በተሠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተናገረች። የተናገረችውም፣ ያን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ትክክል ነው እያለች ስትከራከርለት እንደ ኖረች፣ ከእንግዲህ ግን እንደማትከራከርለት፣ መሠራትም እንዳልነበረበት ነው። ድርጊቱ ሲታይ 17 ዓመትዋ ነበረ፤ ይህን ስትናገር ዕድሜዋ ወደ 58 ተጠግቶ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ጥያቄው የሚመጣው በአብዛኛው ወደ እርስዋ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ የተሳሳተ ስም የሚከብደው በማን ጫንቃ ላይ እንደ ሆነ እንረዳለን።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያቀረብነውን በአጭሩ ስንሰበስበው እንዲህ ነው። የሉክና የሎራ ፍቅር የተወደደው ሕዝቡ መድፈርን ስለ ወደደ አይደለም፤ ሕዝቡ የወደደው ሁለቱን ሰዎች፣ ሽሽታቸውንና ጀግንነታቸውን ነው። ነገር ግን እነርሱን ያለ ኅሊና ወቀሳ ለመውደድ የመጀመሪያው ድርጊት ሌላ ስም አስፈለገው፤ አዘጋጆቹም ስሙን ሰጡት፤ ተመልካቹም ተቀበለው። ከ1979 እስከ 1998 ነገሩ በተውሶ ስም ኖረ።

አንተኒ ጊሪ በቀን ትያትር ለዋና ተዋናይ የሚሰጠውን የኤሚ ሽልማት 8 ጊዜ ተቀብሎ በ2015 ከትያትሩ ወጣ። ሎራ ግን ቀርታ፣ በ2018 በታየው ታሪክ የፖርት ቻርልስ ከንቲባ ሆነች። በ1979 እንዲለቃት ስትለምን ያልተሰማችው ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ከተማ ስታስተዳድር መታየትዋ ደራሲዎቹ አስበውበት ይሁን አይሁን ለመልካም ነገር እንቈጥረዋለን።

ወጣት አንባቢዎቻችን የፍቅር ትያትር ሲያዩ ወይም የፍቅር መጽሐፍ ሲያነቡ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ይኸውም «ሴቲቱ ምን አለች?» የሚለው ነው። ሙዚቃው ምን እንዳለ፣ ሠርጉም ምን ያህል እንዳማረ ከዚያ በኋላ ሊታይ ይችላል።